የአፈር ኮከብ

ቀይ ቀለም ከአገር ሲጠፋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ዲላ ላይ ነው፤ በደርግ ጊዜ፣ ሰባዎቹ ገና ሲጀምሩ። መፈክሩ ቀይ፣ የቀበሌው በር ቀይ፣ የውሃ ቦኖው ሳይቀር ቀይ ተቀብቶ ሲያበቃ፣ አንድ ቀን ቀለም ሻጩ ሰውዬ እጁን ዘርግቶ «አረንጓዴ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ ቀይ ግን እንኳን እኔ ዘንድ አዋሳም የለም» አለ። ይህን የማወራችሁ ለማሳቅ ብቻ አይደለም። የዚያ ቀይ ቀለም መጥፋት እኔን እስር ቤት ደጃፍ አድርሶ ነው የመለሰኝ። ዛሬ እንጀራ የምበላበትን ሙያ የሰጠኝም እሱው ነው።

ስሜ ሰዓዳ ነው። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ዲላ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእጅ ሥራና የሥዕል መምህርት ነበርኩ። አባቴ ከመሐል አገር መጥቶ ዲላ የከተመ ነጋዴ ነው። ከአብዮቱ በፊት ጀንፈል ቡና፣ ማለትም ከነገለፈቱ የደረቀውን፣ ከገበሬ እየገዛ ወደ አዲስ አበባ ይጭን ነበር፤ በኋላ ጨውና አቡጀዴ ወደ መሸጥ ወረደ። እኔ ያደግሁት በጀንፈል ጆንያ ላይ እየተንከባለልኩ ነው። «የቡና ልጅ ነኝ» ስል አፌን ሞልቼ ነበር። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ታስፈልገናለች።

ሌላም ያዙልኝ። ታላቅ ወንድሜ ጀማል ከሁለት ዓመት በፊት «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ተብሎ ተወስዶ፣ ሰባት ወር ታስሮ ወጥቷል። ከወጣ ወዲህ ብዙ አያወራም። በር ሲንኳኳ ከመቀመጫው ይነሣና ጓሮ ሄዶ ይቆማል፤ ያንኳኳው ሰው እስኪሄድ አይመለስም። ስለዚህ እኛ ቤት «አሻጥር» የምትባለው ቃል ቀልድ አልነበረችም። አባቴ በየማለዳው ከቤት ስወጣ «አፍሽን!» ይለኛል፤ ሌላ ምክር አልነበረውም።

አፌ ግን ለእኔም አይታዘዝ።

አንድ የኅዳር ሰኞ የከተማው መምህራን በሙሉ ስብሰባ ተጠራን። መድረኩ ላይ የተቀመጠው ጓድ መርዕድ ይባላል፤ ከሌላ ቦታ ተመድቦ የመጣ ካድሬ ነው። ቀጭን፣ ልብሱ ሁሌም የተተኮሰ፣ ሲናገር በእስክሪብቶው ሰው ላይ የሚጠቁም ዓይነት። ኮንጋ አጠገብ አዲስ የቡና ማጠቢያ መሠራቱን፣ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ እንግዳ መጥቶ እንደሚመርቀው ነገረን። ለምረቃው አራት ሜትር ስፋት ያለው ሥዕል ያስፈልጋል፤ ከታች አንድ ገበሬ፣ ከበላዩ ትልቅ ቀይ ኮከብ።

የከተማው ማስታወቂያ ጻፊ ተነሥቶ «ጓድ፣ ቀይ ቀለም የለም» አለ።

«የለም የሚባል ነገር የለም» አለ ጓድ መርዕድ።

ሁላችንም ጫማችንን ማየት ጀመርን። እኔ ግን እጄን አወጣሁ። ማን እጄን እንዳነሣው ዛሬም ድረስ አላውቅም።

«ቀለም አያስፈልግም» አልኩ። «ከአፈርና ከእህል ልሥራው። ከተማሪዎቼ ጋር ክፍል ውስጥ የምንሠራው እንዲያ ነው፤ ቀለም ተሰጥቶን አያውቅም።»

«ኮከቡስ?»

«ኮከቡን ከቀይ እሸት ቡና።»

እስክሪብቶው አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ጓድ መርዕድ ፈገግ አለ፤ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «የሰፊው ሕዝብ ምርት በሰፊው ሕዝብ ኮከብ ላይ!» ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ቀጥሎም ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ገበሬውን ከፈለግሽ ከጭቃ ሥሪው። ኮከቡን ግን አፈር እንዳይነካው። ክብር አለው።»

ማታ ለአባቴ ስነግረው ራሱን ያዘ። «ካፍ ከወጣ አፋፍ፤ ምን ላድርግሽ ልጄ?» አለ። ቆይቶ ግን ነጋዴ ነውና ያስብ ጀመር። «በርበሬ አይሻልም? ቀይ ነው፣ እቤትም አለ።»

«ነፋስ ተነሥቶ እንግዳው ዓይን ውስጥ ቢገባስ?»

አባቴ ሳይወድ ሳቀ። ጀማል አልሳቀም። ጥግ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ከእኔ ላይ ሳይነቅል «ተይው ሰዓዳ፤ አሞኛል በይ» አለኝ። ያን ሰሞን የተናገረው ረጅሙ ዐረፍተ ነገር እሱ ነው። እኔ ግን ልቤ ተነሥቶ ነበር። አራት ሜትር ሥዕል በዕድሜዬ ማን ሰጥቶኝ ያውቃል?

ማክሰኞ በጭነት መኪና ይርጋጨፌ፣ ከዚያ በእግር በእንሰቱ መሐል ኮንጋ ደረስኩ። ያረፍኩት የገበሬ ማኅበሩ ባዘጋጀልኝ ሀይቻ ዱካሌ ቤት ነው። ሀይቻ ጌዴኦዎች የሚያከብሩትን ሽማግሌ የሚጠሩበት ነው። ረጅም፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ፣ ሲያስቡ አገጫቸውን በአውራ ጣታቸው የሚያሹ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው እማማ አየለች አጭርና ፈጣን፣ እጃቸው ሥራ የማይፈታ። ሁለቱም ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የሚሉት፤ መጀመሪያ ግር አለኝ፣ በማግስቱ ግን ለመድኩት።

ማጠቢያው ፊት ለፊት ጣውላ ተመትቶ አቡጀዴ ተወጥሮ ጠበቀኝ። እማማ አየለች ቡላ በውሃ ቀቅለው ወፍራም ሙጫ ሠሩልኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ደስታ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! በከተማ ወረቀት ላይ ትንሽ ትንሽ ሳይ የኖርኩ ሴት፣ መሰላል ላይ ወጥቼ የሰው ቁመት የሚያህል ክንድ ሠራሁ። የገበሬውን ፊት ከወንዝ ዳር ጥቁር አፈር፣ ጥርሱን ከነጭ በቆሎ፣ ፀጉሩን ከተልባ፣ ልብሱን ከእንሰት ቃጫ። የኋላውን ጋራ በቡራቡሬ ቦሎቄ ሞላሁት። መንገድ አላፊው ሁሉ እየቆመ ያይና ፊቱ የማን እንደሆነ ይከራከራል።

ሀይቻ ዱካሌ ራሳቸው ቆመው አገጫቸውን ሲያሹ ቆዩ። «አፍንጫው የእኔ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ፣ የእርስዎ ነው።»

«እኔን ሳትጠይቅ ወሰድህ?» አሉና ሳቁ። ሲስቁ ፊታቸው ላይ ያለው ሁሉ ይስቃል።

ሐሙስና ዓርብ ኮከቡን ሠራሁ። የለቀማ ጊዜ ነው፤ ቅርጫት ሙሉ ቀይ እሸት ቡና አመጡልኝ። አንድ በአንድ እየመረጥኩ፣ ሙጫ እየነከርኩ፣ ጎን ለጎን ደረደርኳቸው። ዓርብ ከሰዓት የመጨረሻዋን ለጥፌ ከመሰላሉ ወርጄ ሳየው፣ ያ ቀይ ያብረቀርቅ ነበር። ቀለም ሻጩ ሰውዬ ባየልኝ ብዬ ተመኘሁ።

ሀይቻ ዱካሌ ከኋላዬ መጡ። «ቆንጆ ነው» አሉ። አንዷን ፍሬ በጣታቸው ነካ አደረጉና፣ «ልጄ፣ ይሄ ቀይ ግን አያድርም። እንግዳ ቀይ ነው።»

«ነገ እኮ ነው የሚመረቀው፣ ሀይቻ።»

«ነገ ከመጣ ጥሩ ነው። ካልመጣስ?»

«እኔ የቡና ነጋዴ ልጅ ነኝ» አልኳቸው። በኩራት ነው የተናገርኩት፤ አሁን ሳስበው ፊቴን ያቃጥለኛል። «ቡና አውቃለሁ።»

አገጫቸውን አሹና ሄዱ። ሰው «አውቃለሁ» ካለ ማስተማር ነውር ነው መሰለኝ በእሳቸው ዘንድ።

ቅዳሜ ሕዝቡ ከማለዳ ተሰለፈ። ተማሪው መዝሙር እየዘመረ፣ ገበሬው ፀሐይ እየመታው ቆመ። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ላንድሮቨር መጣና ከውስጡ ሾፌሩ ብቻ ወረደ። እንግዳው ሥራ በዝቶባቸው ጉዞው ወደ ማክሰኞ ተዛውሯል አለን። ሕዝቡ እያጉረመረመ ተበተነ። እኔም አልከፋኝም፤ ሥራዬን ሦስት ቀን በተጨማሪ ሰው ያየዋል ብዬ ተደሰትኩ እንጂ።

እሑድ ጠዋት ሳየው የኮከቡ ቀይ ጠቆር ብሏል። ጥላ ነው ብዬ ተጠጋሁ። ጥላ አይደለም። ፍሬዎቹ ጠውልገዋል፤ ቆዳቸው ተሸብሽቧል፤ ፀሐይ ያገኛቸው ጫፎች ቡናማ ሆነዋል። እሑድ ሲመሽ የወይን ጠጅ መሰለ። ሰኞ ጠዋት ኮከቡ ጥቁር ነበር።

መሰላሉ ሥር ቁጭ አልኩ። አንዷን ፍሬ ነቅዬ መዳፌ ላይ አደረግኋት። ጥቁር፣ ደረቅ፣ ስትነቀነቅ ውስጧ የምትንኳኳ። የት እንደማውቃት ገባኝ። አባቴ ጆንያ ውስጥ የነበረው ሁሉ፣ በልጅነቴ የተንከባለልኩበት ጥቁር ጀንፈል ሁሉ፣ አንድ ቀን ቀይ ነበር! ቀይ እሸት እንደሚደርቅ ማንም አልደበቀኝም። እኛ ቤት ግን ቡና የሚጀምረው ከጆንያ ነው፤ ከጆንያ በፊት ያለውን ቀን አይቼው አላውቅም ነበር። የቡና ልጅ! ምድር አፏን ከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሮጥኩ። ቀይ ፍሬ ፍለጋ በየጓሮው ገባሁ። ለካ ለእንግዳው የማጠቢያው ገንዳ ሙሉ ሆኖ እንዲታይ ተብሎ ዓርብ ዕለት የበሰለው ሁሉ ተለቅሟል፤ እሱም ቀይ ቆዳው ተገፎ አልቋል። ዛፉ ላይ የቀረው አረንጓዴ ብቻ ነው። እዚህ አምስት፣ እዚያ አሥር ፍሬ አገኘሁ፤ አንዱን የኮከብ ጫፍ እንኳ አይሸፍንም።

አሥር ሰዓት ላይ ጓድ መርዕድ ዝግጅቱን ሊያይ መጣ። ከመኪናው ወርዶ ወደ ሥዕሉ እየሄደ ሳለ እግሩ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቡናው ደርቆ ነው፤ እንግዳው ስለዘገዩ...»

«ማንን ነው ዘገዩ የምትዪው?» ድምፁን አላነሣም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «በሰፊው ሕዝብ ፊት ጥቁር ኮከብ ሰቅለሻል። ይህ ስም እንዳለው ታውቂያለሽ?»

አውቃለሁ። አሻጥር፤ እኛ ቤት ቀልድ ያልሆነችው ቃል።

«ወንድምሽ ማን እንደሆነም አውቃለሁ» አለ። «ነገ ሦስት ሰዓት እንግዳው ሲደርስ ኮከቡ ቀይ ካልሆነ፣ አንቺ ወደ ትምህርት ቤትሽ አትመለሺም። ከእኔ ጋር ነው የምትሄጂው።» ጠመንጃ ያነገተ አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠራ። «ከዓይንህ እንዳትጠፋ። የምትሠራውንም እይ፤ ኮከቡ ላይ ሌላ አሻጥር እንዳትሠራ።»

ያን ሌሊት ስለ ጀማል ብቻ ነበር የማስበው። እኔ ከተወሰድኩ እናቴ ምን ትሆናለች የሚለው ሁሉ ኋላ ነው የመጣብኝ። መጀመሪያ የታየኝ ጀማል ጓሮ ቆሞ፣ አባቴ «ሰዓዳ አልመጣችም» ሲለው ነው። «አሞኛል በይ» ብሎኝ ነበር እኮ።

ገና ጎሕ ሲቀድ እማማ አየለች ትከሻዬን ነቀነቁኝ። «ተነሣ ልጄ። ቀይ ትፈልጋለህ አይደል? ቀይ አለ።»

ተከትያቸው ወጣሁ። የአብዮት ጥበቃው ደጃፍ ላይ ተኮራምቶ ነበር፤ ጠመንጃውን ይዞ ተከተለን። እማማ አየለች ወደ ጓሮ፣ እንሰቱ ጥቅጥቅ ወዳለበት መሩን። ከውስጥ ፍቅ ፍቅ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው እንሰት ይፍቃሉ። ከእንሰቱ ዳር ስንደርስ እማማ አየለች ዞር አሉና ጥበቃውን አዩት።

«አንተ የት?»

«ከዓይንህ እንዳትጠፋ ተብያለሁ» አለ።

«ሴቶች ይፍቃሉ።»

ሰውዬው የዚያው አገር ልጅ ነው። ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ ዝር እንደማይል ከእናቱ ቤት ያውቃል። ወዲያ ወዲህ አለ፣ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። አንድ እግሩን አነሣ፤ ከውስጥ አንዲት ሴት በጌዴኦኛ የሆነ ነገር ስትል ሌሎቹ በሳቅ ፈረሱ። እግሩን መለሰ። «ቶሎ ትውጣ» አለና ጀርባውን ሰጠን።

ከሴቶቹ ጀርባ አዲስ ጉድጓድ ነበር። ቆጮ ሊቀበርበት በዚያው ሳምንት የተቆፈረ፣ ገና ቅጠል ያልተነጠፈበት። እማማ አየለች ጎንበስ ብለው ከታችኛው ግድግዳ አንድ እፍኝ አፈር ዛቅ አድርገው መዳፌ ላይ አኖሩት።

ወገኖቼ፣ ያን ቀይ ያላየ ቀይ አላየም። ላይ ላዩ አፈር ቡናማ ነው፤ ያን ነው እኔ የማውቀው። ይህ ግን የፀሐይ ዓይን አይቶት የማያውቅ፣ እርጥብ፣ የጋለ ብረት የመሰለ ቀይ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ በላዩ ስመላለስ ነበር።

«ኮከቡን አፈር እንዳይነካው ተብያለሁ» አልኩ።

«ማን አለ?»

«ጓድ መርዕድ።»

«እሱ ምን በልቶ ነው ያደገ?» አሉ እማማ አየለች፤ መልስ ግን አልጠበቁም። በጌዴኦኛ አንድ ነገር ሲሉ ሴቶቹ የሚፍቁበትን ጥለው ተነሡ። አንዷ ጉድጓድ ገብታ ትዝቃለች፤ ሌላዋ በወንፊት ትነፋለች፤ እማማ አየለች የቡላ ሙጫ ከአፈሩ ጋር ያሻሉ። ግድግዳቸውን እንደሚለስኑት ነው፤ ብዙ ውሃ ከገባው ይሰነጠቃል፣ ትንሽ ከሆነ አይዝም። «እኔ ስነግርህ ብቻ ጨምር» እያሉ በእጃቸው ይለኩልኛል። እኔ፣ መምህርቷ፣ ውሃ አቀባይ ሆንኩ። ደስ እያለኝ ሆንኩ።

ቅርጫቶቹን የእንሰት ቅጠል ሸፍነን ስንወጣ ጥበቃው «ምንድን ነው?» አለ።

«ቀለም» አሉ እማማ አየለች። ውሸት አልነበረም።

መሰላል ላይ ወጥቼ ጥቁሩን ቡና በቢላዋ እየፋቅሁ አወረድኩት፤ ከታች እንደ በረዶ ይረግፋል። ሀይቻ ዱካሌ ጎንበስ ብለው ከሥሬ ባርኔጣቸው ውስጥ ሲለቅሙት አየሁ። ለምን ብዬ እንኳ አላሰብኩም፤ ጊዜ አልነበረኝም። ቀዩን አፈር በእጄ ለሰንኩት። ሲደርቅ ግን ፈዘዘ!

«ሀይቻ! ቀለሙ ሄደ!»

እማማ አየለች ከታች አንድ የወንዝ ጠጠር ወረወሩልኝ፤ የዶሮ እንቁላል የምታህል፣ የለሰለሰች። «እሸው። አትፍራው፣ እሸው!»

አሸሁት። ከጠጠሯ በታች ቀዩ ተመለሰ፤ ተመልሶም አበራ። ክንዴ እስኪዝል ከጫፍ ጫፍ አሸሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሼ ስወርድ፣ የጓድ መርዕድ መኪና እየመጣ ነበር።

ወረደ። ኮከቡን አየው፤ ቀይ ነው። ፊቱ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ዘና አለ። ከዚያ ወደ እጆቼ ተመለከተ፤ እስከ ክርኔ ቀይ ጭቃ ናቸው።

«በምንድን ነው የሠራሽው?»

መዋሸት እችል ነበር። ግን አንድ ጊዜ ጣቱን ቢያሳርፍበት ያውቃል። «በአፈር» አልኩ።

«በአፈር!» አሁን ጮኸ። «ምን ብዬሽ ነበር? የአብዮቱን ኮከብ ጭቃ ቀባሽው?» ጥበቃውን ዞሮ አየው። «ያዛት!»

ጥበቃው ክንዴን ያዘ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ለምረቃው ከማለዳ እንደገና የተሰለፈው ሕዝብ ሁሉ ቆሞ ያያል። ሀይቻ ዱካሌ ብቻ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ በዝግታ መጥተው በእኔና በእሱ መሐል ቆሙ።

«ጓድ» አሉ፤ ትሕትና በሞላው ድምፅ ነው። «እኔ አላዋቂ ገበሬ ነኝ፤ ልጠይቅህ። አብዮት የመጣ ጊዜ እዚህ ማጠቢያው ቦታ ላይ ስብሰባ አድርጋችሁ ነበር። ምን ብላችሁ ሰጣችሁን?»

ጓድ መርዕድ አሻግሮ እንግዳው የሚመጣበትን መንገድ አየ።

«‹መሬት ላራሹ› አላላችሁም? እኛ አጨበጨብን። አለቀስን። መሬት ምንድን ነው ጓድ? ይሄ አይደለም?» ወደ ኮከቡ በአገጫቸው ጠቆሙ። «የሰጣችሁን ነው እዚያ ላይ ያለው። ጭቃ ነው ካልክ እኛ ምን ተሰጠን?»

ከሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሁሉም። ጓድ መርዕድ ሕዝቡን አየ፣ ኮከቡን አየ፤ እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣና መልሶ ከተተው። የሚጮህ ጭብጨባን ያለ ምክንያት ማቆም ደግሞ በዚያ ዘመን ለካድሬም አደገኛ ነበር። በዚህ መሐል የእንግዳው መኪናዎች ጥሩምባ ተሰማ።

«ልቀቃት» አለ።

እንግዳው ወፍራም፣ ድካም የተጫነው ሰው ነበር። ሪባን ቆረጠ፣ ገንዳውን አየ፣ ሥዕሉ ፊት ለፊት ቆመ። «ቀለሙ ደስ ይላል፤ ከየት አገኛችሁት?» አለ።

ጓድ መርዕድ አንድ እርምጃ ቀደመ። «ጓድ፣ ቀለም አይደለም። አብዮቱ ‹መሬት ላራሹ› ብሎ የሰጠው አፈር ነው። ኮከቡ ከራሱ ከአራሹ መሬት እንዲሠራ መመሪያ የሰጠነው ሆን ብለን ነው!»

ሆን ብለን! ሀይቻ ዱካሌን አየኋቸው፤ አገጫቸውን እያሹ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። እንግዳው ራሱን ነቀነቀ፣ የጓድ መርዕድን እጅ ጨበጠ፣ ሰዓቱን አየ፣ ሄደ። የአራት ሜትር ሥዕሌ ጠቅላላ ጉብኝቱ ሻይ ለመጠጣት የሚበቃ ጊዜ አልወሰደም። እኔ ግን እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ሳቅሁ፤ እማማ አየለችም አብረውኝ ሳቁ።

እንግዲህ ገጠመኜ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ደግሞ ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ ግማሹን ብቻ ነው የሰማችሁት።

በሰኔ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ጨውና ጨርቅ ይዤ ኮንጋ ሄድኩ። ሥዕሉን ዝናብ አውርዶታል። በቆሎውን ወፎች ለቅመውታል፤ ገበሬው ጥርስ አልባ ሆኗል፤ ኮከቡ በአቡጀዴው ላይ ቀይ እንባ ሆኖ ፈሷል። ቀድሞ ቢሆን ይህን ሳይ ልቤ ይሰበር ነበር። ያን ቀን ግን ቆሜ ሳየው አንድም ነገር የጠፋ አልመሰለኝም፤ አፈሩ ወደ አፈሩ ነው የተመለሰው። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ቀለም ገዝቼ አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ በአፈር፣ በዘር፣ በቅጠልና በቃጫ ነው የሠራሁት፤ ስንት ልጅ አስተማርኩበት። ሰው «አይቆይም እኮ» ሲለኝ «አውቃለሁ» እላለሁ። አሁን እውነቴን ነው፤ እንዴት እንደሚለወጥ፣ መቼ እንደሚለወጥ ጠይቄ ነው የምጀምረው። የምጠይቀውም የሚያርሰውንና የምትፍቀውን ነው። እናንተም ጅማሬውን ላላያችሁት ነገር «የዚህ ልጅ ነኝ» ልትሉ ስትሉ አንድ ሽማግሌ አገጫቸውን ሲያሹ ካያችሁ፣ ምን አሰቡ ብላችሁ ጠይቁ።

ሀይቻ ዱካሌ እጄን ይዘው ከቤታቸው ጀርባ ወሰዱኝ። በእንሰቱ ጥላ ሥር ትንሽ መደብ ላይ የቡና ችግኞች ተደርድረዋል፤ ሁለት ሁለት ክብ ቅጠል ያወጡ።

«ያንተ ነው» አሉኝ። «ከኮከቡ የጣልከው።»

ባርኔጣቸው ትዝ አለኝ። «ሀይቻ፣ ጠቁሮ ነበር እኮ!»

«ጠቆረ እንጂ መች ሞተ?» አሉ።

አንዱን ችግኝ ከነአፈሩ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ። ዲላ ወስጄ ለጀማል አስረከብኩት፤ ሀይቻ ያሉትንም ቃል በቃል ነገርኩት። ችግኙን ተቀብሎ ጓሮ ሄደ፤ ሁልጊዜ በር ሲንኳኳ የሚቆምበት ቦታ ላይ በእጁ ቆፍሮ ተከለው።

በር ሲንኳኳ ከዚያም በኋላ ይነሣ ነበር፤ ያን መቼም አልተወም። ግን በሄደ ቁጥር ውሃ ይዞ ነው የሚሄደው። በአራተኛው ዓመት ዛፉ አፈራ፤ ቀላ። አንድ ማለዳ በር ተንኳኳ፤ ጀማል ከጓሮ ወጥቶ፣ መዳፉ ሙሉ ቀይ ፍሬ እንደያዘ፣ ራሱ ሄዶ ከፈተ።